መካር ያላጣ ንጉሥ፤ ስለ ጥናትና ስለ ጦርነት

ባለፈው ሰሞን በአያሃ፣ እንደ ልማዳችን ፀሐይ በረድ ሲል ከዳሱ ሥር ተሰብስበን ስናነብና ስንጨዋወት፣ ከመካከላችን አንዱ ከሬዲዮ የለቀመውን አዲስ ቃል ይዞ መጣ። ቃሉ «ቲንክ ታንክ» የሚል ነበር። ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ቀድሞ ወታደር የነበረ አንድ ወንድማችን ቀና ብሎ «ይኼ ደግሞ የየትኛው አገር ሥሪት ነው? ስንት ሚሊ ሜትር ይተኩሳል?» ሲል ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው ከሐሳባችን አልወጣ ስላለ፣ ጉዳዩን በታሪክ ዓይን መርምረን በእጅ በምንገለብጣት በዚህች ቅጠላችን ላይ ለማቅረብ ተስማማን።

ለማያውቁት አንባቢዎቻችን ነገሩን ባጭሩ እንግለጽ። ቲንክ ታንክ የሚባለው ሐሳብ አመንጪ ተቋም ነው። ምሁራን ደመወዝ እየተከፈላቸው አንድን ጉዳይ ያጠናሉ፤ ያጠኑትንም «እንዲህ ቢደረግ ይሻላል» ከሚል ምክር ጋር ለመንግሥት ያቀርባሉ። ጉዳዩ እርሻ ሊሆን ይችላል፤ ጤና ወይም ንግድም ሊሆን ይችላል። ጦርነት የሆነ እንደሆነ ግን የዚያ ወንድማችን ጥያቄ ከቀልድነት ያልፋል፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ይቀድማል፣ ታንኩ ይከተላል።

አባቶቻችን «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ። ተረቱ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ንጉሡ ከመካሪዎቹ መካከል የትኛውን እንደሚሰማ፣ መካሪውም ከመምከሩ በፊት ማንን እንደጠየቀ አይነግረንም። በእኛ ዘመን ያየነው ደግሞ መካር ያጡ ነገሥታትን ሳይሆን፣ መካር ሞልቷቸው ሳለ የወደዱትን ብቻ የሰሙ ነገሥታትን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህንን ክር ነው። መነሻችን ሩቅ አገር ቢሆንም፣ መድረሻችን ግን ዛሬ ተጠግተን የምንኖርባት የሐርጌሳ መሬት ናት።

ከእነዚህ ተቋማት መካከል ስሙ ገኖ የሚነሣው የአሜሪካው ራንድ ነው። ራንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ ለአየር ኃይሉ የሚያጠና ክፍል ሆኖ ተጀመረ፤ በ1948 ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። የቬትናም ጦርነት እየተፋፋመ በመጣበት በ1964 የራንድ ሰዎች ሳይጎን ሄደው፣ የተማረኩትን፣ እጃቸውን የሰጡትንና ከየመንደሩ የተፈናቀሉትን ይጠይቁ ጀመር። ጥያቄያቸው «እነዚህ ሰዎች የሚዋጉት ለምንድን ነው? የሚበገሩትስ በምን ነው?» የሚል ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ቃለ መጠይቆች ተሰበሰቡ።

ሥራውን የጀመሩት ሁለት ተመራማሪዎች «ይህ ጠላት ዓላማ ያለው፣ በቀላሉ የማይሰበር ነው» የሚል መልስ ይዘው ተመለሱ። ከእነርሱ በኋላ ሥራውን የተረከበው ሊዮን ጉሬ ግን፣ ከአየር የሚወርደው ቦምብ የጠላትን ሞራል እያደቀቀው ነው የሚል ሪፖርት ማቅረብ ጀመረ። ይህ ቃል በዋሽንግተን ተወደደ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ለጥናቱ የሚሰጠው ገንዘብ እንዲጨመር አደረገ። ቆይቶ ኮንራድ ኬለን የተባለ ሌላ የራንድ ባልደረባ ያንኑ ቃለ መጠይቅ ገጽ በገጽ አንብቦ ተቃራኒውን ደመደመ፤ ቦምቡ ጠላትን አላዳከመውም፣ ጦርነቱም በዚህ መንገድ አይሸነፍም አለ። ወረቀቱ አንድ ነው፤ የተጠየቁት ሰዎችም እነዚያው ናቸው። አንደኛው ንባብ የቦምብ ጣዮቹ ስንቅ ሆነ፤ ሁለተኛው ሰሚ አጣ። በ1969 ኬለንና ዳንኤል ኤልስበርግ ያሉባቸው ስድስት የራንድ ሰዎች አሜሪካ ከቬትናም እንድትወጣ በጋዜጣ ደብዳቤ ጽፈው ጠየቁ። ሳይጎን የወደቀችው ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ቆይታ፣ በ1975 ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል የሞተውን ሰው አንባቢ ያስበው።

አንዳንዴም መካሪው ራሱ ሹም ይሆናል። በጥር 1998 እ.ኤ.አ. «የአዲሱ የአሜሪካ ክፍለ ዘመን ፕሮጀክት» የተባለው ቡድን ለፕሬዚዳንት ክሊንተን ደብዳቤ ጽፎ ሳዳም ሁሴን ከሥልጣን እንዲወገድ መከረ። ከፈራሚዎቹ መካከል ዶናልድ ራምስፌልድና ፖል ዎልፎዊትዝ ነበሩ። በ2001 ሁለቱም የመከላከያ ሚኒስቴሩን አናት ያዙ፤ በ2003 ኢራቅ ተወረረች። ለጦርነቱ ምክንያት የተደረገው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ግን ተፈልጎ አልተገኘም። የተሳሳተው ምክር መካሪዎቹን ቤታቸውን አላፈረሰባቸውም፤ የባግዳድን ቤት ግን አፈረሰ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ በሊቀ መንበርነት ያስቀመጣቸው ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶምን ነበር። ጄኔራሉ በኦጋዴን ግንባር ስም ያተረፉ ወታደር ስለ ነበሩ ጦርነትን በወሬ የሚያውቁ አልነበሩም። ኤርትራ ድረስ ሄደው ሕዝቡን አነጋገሩ፤ ነገሩም በጠመንጃ ሳይሆን በንግግር ይፈታ ብለው መከሩ። ደርግ ግን ተጨማሪ 5 ሺህ ጦር ወደ ኤርትራ እንዲዘምት ፈለገ፤ እሳቸው አልተስማሙም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቤታቸው ተከቦ ተገደሉ። በዚያው ሌሊት የቀድሞው መንግሥት ባለ ሥልጣናትና መኮንኖች ተረሸኑ። ሄዶ አይቶ፣ ጠይቆ ሰምቶ የመከረ ሰው ዋጋው ይህ ከሆነ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣው መካሪ ምን ብሎ ይመክራል?

በግንቦት 1968 ዓ.ም. ደርግ ስለ ኤርትራ ባለ ዘጠኝ ነጥብ ፖሊሲ አወጣ። በዚያ ጊዜ ኃይሌ ፊዳን የመሳሰሉ ከውጭ አገር የተመለሱ ምሁራን በሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ተሰብስበው የመንግሥቱ መካሪዎች ሆነው ነበር። በወረቀቱ ላይ የራስ አስተዳደር ተስፋ ተጽፏል፤ ሰላማዊ መንገድ ተብሏል። በዚያው ሰሞን ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ከየአውራጃው ተሰብስበው፣ በቂ ሥልጠናና ትጥቅ ሳይኖራቸው፣ ራዛ በተባለው ዘመቻ ወደ ኤርትራ ወሰን ይነዱ ነበር። አንደኛው እጅ የሰላም ወረቀት ሲጽፍ፣ ሌላኛው ዱላና አሮጌ ጠመንጃ ያድል ነበር። ገበሬዎቹ ያሰቡት ሳይደርሱ ተመትተው ተበተኑ። ኃይሌ ፊዳም በማግሥቱ ዓመት ተይዘው ታሰሩ፤ ከእስርም በሕይወት አልወጡም።

ከዚያ በኋላ በ1974 ዓ.ም. ከ100 ሺህ በላይ ሠራዊት የተሰለፈበት የቀይ ኮከብ ዘመቻ መጣ። የስነ ጽሑፍ ወዳጆች ለሆናችሁ አንባቢዎቻችን ይህ ዘመቻ በሌላ በኩል ይታወቃችኋል። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሥራ ዘምቶ ያየውን በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» በተባለው ልብ ወለዱ ጻፈው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። በዚያ ዘመን ስለ ዘመቻው ብዙ ዘገባና ብዙ ግምገማ ተጽፎ ይሆናል፤ ዛሬ ሰው ፈልጎ የሚያነበው ግን መንግሥት ያላዘዘውን ያንን መጽሐፍ ነው።

በዚያው በ1975 ዓ.ም. መንግሥት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። አገራችን ካየቻቸው ተቋማት ሁሉ ዛሬ ቲንክ ታንክ ለሚባለው በጣም የሚቀርበው ይህ ይመስለናል። ባለሙያዎቹ ቋንቋውን፣ የሕዝቡን አሠፋፈር፣ የመልክዓ ምድሩንና የኢኮኖሚውን ሁኔታ እየመረመሩ ብዙ ጥናት አከማቹ። ለ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ረቂቅ መሠረት የሆነው አንዱ ይኸው ሥራ ነው። ቀጥሎም አገሪቱ በ24 አስተዳደር አካባቢዎችና በአምስት ራስ ገዝ አካባቢዎች ተከፈለች፤ ራስ ገዞቹም ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን ነበሩ። ሥራው ከንቱ ነበር አንልም። ችግሩ ጥናቱ የጦርነቱን ሥር ሲመረምር፣ ጦርነቱን የያዙት ወገኖች በጠረጴዛው ዙሪያ አለመኖራቸው ነው። ራስ ገዝነቱ ተመክሮበት የተገኘ ሳይሆን ከላይ የታወጀ ሆነ። በረሃ ያሉትም አልተቀበሉትም፤ ተኩሱም ለአንድ ቀን አልቆመም።

እንዲያውም ራስ ገዞቹ በታወጁ በመንፈቅ ውስጥ ነገሩ ባሰ። በየካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ተረሸኑ። ግንባሩን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው አዛዥ በተገደለ በወሩ፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም.፣ አፍአበት ላይ የናደው ዕዝ ተደመሰሰ። እዚህ ላይ ነው የሰሜኑ ጦርነት ታሪክ ከአያሃና ከሐርጌሳ ጋር የሚገናኘው።

ከአፍአበት በኋላ አዲስ አበባ ለሰሜኑ ግንባር ጦር አጣች። ጦር የነበራት በምሥራቅ፣ በሶማሊያ ወሰን ላይ ነበር። ያንን ጦር ለማንሣት ከዚያድ ባሬ ጋር መታረቅ አስፈለገ። ዚያድ ባሬም በበኩሉ፣ በ1973 ዓ.ም. ለንደን ላይ የተቋቋመው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ከኢትዮጵያ መሬት እየተነሣ ሲዋጋው ስለ ነበር ዕርቁን ይፈልገው ነበር። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. መጨረሻ መቋዲሾ ላይ ውል ተፈረመ። ጦር ከወሰን ይራቅ፣ ምርኮኞች ይለቀቁ፣ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ አይርዳ ተባለ። ውሉ በጎ ጎን ነበረው፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት የተማረኩ ከ3 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ እስር ወጥተው አገራቸው ገቡ። ለእናቶቻቸው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ውሉ ሲፈረም ያልተጠየቀ ሕዝብ ነበረ። ንቅናቄው ከኢትዮጵያ መሬት ሊባረር መሆኑን ሲያውቅ ያለውን ኃይል አሰባስቦ ወደ አገሩ ገባ። ግንቦት 19 ቀን 1980 ዓ.ም. ቡርዖን፣ ግንቦት 23 ቀን ሐርጌሳን አጠቃ። ይህም በጎረቤቶቻችን አቆጣጠር ግንቦት 27 እና 31፣ 1988 መሆኑ ነው። የዚያድ ባሬ መንግሥት የመለሰው መልስ በመድፍና በአውሮፕላን ነበር። አውሮፕላኖቹ ከሌላ ቦታ አልመጡም፤ ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ይደበድቡ ነበር። ከተማዋ ከሞላ ጎደል ፈረሰች። ዛሬ ገበያ ስንወርድ በአደባባዩ ላይ ቆሞ የምናየው ሚግ አውሮፕላን የዚያ መታሰቢያ ነው።

ለዚህም ወረቀት ቀድሞት ነበር። በጥር 1987 እ.ኤ.አ. የሰሜኑ ጦር አዛዥ የነበረውና የዚያድ ባሬ አማች የሆነው ጄኔራል መሐመድ ሰዒድ ሂርሲ፣ በቅጽል ስሙ ሞርጋን፣ ለአማቱ የምስጢር ዘገባ ጽፎ ነበር። ዘገባው ቆይቶ ሾልኮ ሲወጣ የዚህ አገር ሰዎች «የሞት ደብዳቤ» አሉት። በውስጡ የሰሜኑን ሕዝብ እንዴት መስበር እንደሚቻል በተራ በተራ ይመክራል። የውሃ ማጠራቀሚያዎችና መንደሮች ወድመው በሠራዊቱና በጠላት መካከል ያለው መሬት ሰው የማይኖርበት እንዲሆን ይላል። የምድረ በዳ ሰው ቢርካው ከፈረሰ ምን እንደሚቀረው እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ደብዳቤው የተጻፈው ቦምቡ ከመውረዱ ከዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

በዚያ ደብዳቤ ውስጥ እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። በሐርጌሳ ትምህርት ቤቶች ያሉት ልጆች በዙሪያዋ ካሉት የስደተኛ ጣቢያዎች በሚመጡ ልጆች እንዲቀላቀሉና ብዛታቸው እንዲሳሳ ይመክራል። እነዚያ ስደተኞች እነማን ነበሩ? ከኢትዮጵያ፣ ከ1969ኙ የኦጋዴን ጦርነት የሸሹ ነበሩ። መጠለያ ፈልገው በመጡበት አገር፣ ሳይጠየቁ፣ በወረቀት ላይ መሣሪያ ሆኑ። ከመካከላቸው መሣሪያ የታደላቸውም ነበሩ። ጦርነቱ ሲነሣ ከጣቢያዎቹ ነዋሪዎች በንቅናቄው ታጣቂዎች እጅ የተገደሉ አሉ። ጥፋቱን የዘራው ሌላ፣ ያጨዱት ደግሞ ስደተኞቹና ጎረቤቶቻቸው ሆኑ።

ይህን የምንጽፈው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። እኛም ዛሬ በዚሁ መሬት ላይ ስደተኞች ስለ ሆንን ነው። ጎረቤታችን የሆኑና «ኤዶ» እያልን የምንጠራቸው እናት አንድ ቀን ውሃ ሲቀዱ፣ «የእናንተ አገር ሰዎች ሐርተሼክ ላይ ውሃ ሰጥተውናል፤ እኔ ዕዳ አለብኝ» አሉን። ኤዶ በዚያ ግንቦት ልጆቻቸውን አዝለውና እየጎተቱ በእግር ወሰን ከተሻገሩት በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩት አንዷ ናቸው። ሐርተሼክ በዘመኑ የዓለም ትልቁ የስደተኛ ጣቢያ እስከ መባል ደርሶ ነበር፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። ያን ዕለት እኛ አፍረን ዝም አልን። ውሃ መሰጠቱ እውነት ነው፤ መቋዲሾ ላይ ውሉን የፈረመውም የእኛው መንግሥት መሆኑ እውነት ነው። ሁለቱም የአንድ አገር ሥራ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ጥፋት መካከል አንድ ሌላ ዐይነት ጥናት ተጽፏል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሮበርት ገርሶኒ የተባለውን ሰው ልኮ፣ ሶማሌዎች የሚሸሹት ለምን እንደ ሆነ እንዲያጣራ አዘዘው። ገርሶኒ በየጣቢያው እየዞረ ስደተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። በነሐሴ 1989 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ዘገባ፣ ቢያንስ 5 ሺህ ያልታጠቁ ሰዎች በመንግሥት ጦር መገደላቸውን ገለጸ፤ ንቅናቄው በስደተኛ ጣቢያዎች ላይ ያደረገውንም ግድያ አልሸሸገም። አሜሪካ የበርበራን ወደብ ለመጠቀም ስትል ዚያድ ባሬን ስትረዳ የኖረች አገር ናት፤ ዘገባውም ለጆሮዋ የሚጥም አልነበረም። ቢሆንም የዚያድ ባሬ ወዳጆች «አላወቅንም» የሚሉበትን መንገድ ዘጋ። ጥናት ሁሉ የጦርነት አገልጋይ ነው እንዳንል ይህ ዘገባ ይከለክለናል። ከሞርጋን ደብዳቤ የሚለየውም በብዕር ውበት አይደለም፤ እሳቱ የደረሰባቸውን ሰዎች ቁጭ ብሎ በመጠየቁ ነው።

በዛሬው ዘመን መካሪ ከመቼውም የበለጠ በዝቷል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ በአገር ውስጥም በውጭም «ተንታኝ» የሚባል ሰው በየቴሌቪዥኑ ተቀምጦ ጦርነቱን በሳምንታት ሲጨርሰው ሰምተናል። ጦርነቱ ግን እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ሁለት ዓመት ፈጀ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ስለ ባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ከሶማሌላንድ ጋር ተፈረመ፤ በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ከሶማሊያ ጋር የአንካራው መግለጫ መጣ። ስለ ባሕርና ስለ ወደብ ጥናት የሚጽፈው በርክቷል። በዚህ ጉዳይ እንግዳ እንደ መሆናችን ፍርድ አንሰጥም። ነገር ግን የአንድ ውል ፊርማ በሁለት ወር ውስጥ ከተማ ሲያስፈርስ ያየ መሬት ላይ ተቀምጠን፣ ወረቀት ወረቀት ብቻ ነው ብለን ልናልፍ አንችልም።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ በሬዲዮ «ጥናቱ እንዳመለከተው» የሚል ቃል ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። የጥናቱን ደመወዝ የከፈለው ማን ነው? ሲጠና የተጠየቀው ማን ነው? ምክሩ ስሕተት ሆኖ ሲገኝስ ቤቱ የሚፈርሰው የማን ነው? ሦስቱም መልሶች ለየቅል የሆኑ እንደሆነ፣ ያ ጥናት የየትኛውም ያህል ገጽ ቢኖረው ጠርጥሩት።

ያ ወታደር ወንድማችን ይህ ጽሑፍ ሲነበብለት ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «እኔ አሥር ዓመት ስዋጋ አንድም ቀን ምን ይመስልሃል ያለኝ ሰው የለም» አለ። እኛም በዚያው ጥያቄ ጀምረናል። ከሚቀጥለው ቅጠላችን ጀምሮ፣ ኤዶ ፈቅደውልናልና፣ የሐርተሼክን መንገድ እንዳወሩልን እንጽፋለን፤ ቀጥሎም የወንድማችንን። ሱማሊኛ የሚያስተረጉም ሰው አግኝተናል። የሚጎድለን ወረቀትና እስክሪብቶ ነው፤ ያለው ያምጣ።